ተዳፋት ላይ የሚቆም ሕንፃ፦ የኮለን ቁመትን በዳይናሞ ማስላት፣ ደረጃ በደረጃ

ደሴ ላይ ሜዳ የሆነ ቦታ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ብዙም አያጋጥምም። ከጦሳ ሥር ብትሉ፣ ወደ ሆጤ ብትሉ፣ መሬቱ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ስትሠሩ ነገሩ ይቀላል፤ ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ ግን እያንዳንዱ ኮለን (ምሰሶ) የራሱ ቁመት አለው። የፊቱ ኮለን ከመሬት ወጥቶ ረጅም ይሆናል። የኋላው ደግሞ ገና ከመሬት ብቅ ሲል ወለሉ ይደርስበታል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ሥራ ነው። ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ነበር፣ 28 ኮለን ያለው። የእያንዳንዱን ኮለን የመሬት ከፍታ ከቅየሳ ወረቀቱ ላይ እያየን፣ በካልኩሌተር እያሰላን፣ በእጅ ጻፍን። ሁለት ቀን ፈጀ። ከዚያ የመንገዱ ከፍታ ተቀየረና ወለሉን 60 ሳንቲ ማንሳት ግድ ሆነ። እንደገና ሁለት ቀን። በሁለተኛው ዙር አንዱ ቁጥር ተሳስቶ ገባ። ስህተቱ የተገኘው ፌሮ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ነው። የደንበኛው ገንዘብ ነበር፣ የሠራተኛው ልፋት ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ያንኑ ሥራ ዳይናሞ በሚባል የኮምፒውተር መሣሪያ እሠራዋለሁ። ወለሉ ሲነሳ አንድ ቁጥር እቀይራለሁ፣ ያ ብቻ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላሳያችሁ። ፕሮግራሚንግ አልተማርኩም የምትሉ፣ አብሽሩ። እዚህ ኮድ አይጻፍም። ሳጥን ከሳጥን በሽቦ ማገናኘት ነው።

ዳይናሞ ምንድን ነው?

ዳይናሞ ከሬቪት (የሕንፃ ፕላን በሦስት አውታር ከሚሠራበት ፕሮግራም) ጋር አብሮ የሚሠራ የእይታ ፕሮግራሚንግ መሣሪያ ነው። ኢያን ኪዮ የሚባል ሰው የጀመረው ክፍት ምንጭ ሥራ ነው። ከሬቪት 2020 ጀምሮ ከሬቪቱ ጋር አብሮ ይጫናል፤ ለብቻ ፈልጋችሁ የምታወርዱት ነገር የለም። ራይኖ የሚባለውን የሦስት አውታር መሳያ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ሰዎች፣ አብሮት የሚሠራውን ግራስሆፐርን ታውቁታላችሁ፤ ዴቪድ ሩተን እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው ነው። ሐሳቡ አንድ ነው። አንዱን የለመደ ሌላው አይከብደውም። እኔ እዚህ ዳይናሞን የመረጥኩት የምንሠራው ፕላን ሬቪት ላይ ስለሆነ ነው።

ሦስት ቃል ያዙ። «ኖድ» ማለት አንድ ሥራ የሚሠራ ሳጥን ነው። በግራው መረጃ ይገባል፣ በቀኙ ይወጣል። «ሽቦ» ሁለት ኖዶችን ያገናኛል። «ግራፍ» የሚባለው የኖዶቹና የሽቦዎቹ ጠቅላላ ስብስብ ነው፤ እንደ ፋይል ይቀመጣል።

ኮምፒውተር ሳይከፈት

ብዙ ሰው ዳይናሞን ከፍቶ ኖድ ፍለጋ ይጀምርና ግማሽ ቀን ያባክናል። እኔም ለማስተማር ስቀመጥ መጀመሪያ ወረቀት ነው የማስይዘው። የምትፈልጉትን በአማርኛ፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉት። የእኛ ይህን ይመስላል፦

ቀያሹ የለካቸውን ነጥቦች ከኤክሴል አንብብ። ሕንፃው ወደተሳለበት ቦታ አምጣቸው። የምድር ወለሉን ኮለኖች ሰብስብ። ለእያንዳንዱ ኮለን ቅርብ የሆኑትን ሦስት ነጥቦች ፈልግ። ከእነሱ የመሬቱን ከፍታ ገምት። ከወለሉ ከፍታ ላይ ቀንስ። ውጤቱን ኮለኑ ላይ ጻፍ፣ አጭር የሆነውን በቀይ ቀባ።

ሰባት መስመር ነው። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ወይም ሦስት ኖድ ይሆናል። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። መሐል ላይ ሲጠፋባችሁ የምትመለሱት ወደ እሱ ነው።

ደረጃ 1፦ የቀያሹን ኤክሴል ማጥራት

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚሰጠው ይህ ነው። ግራፉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የገባው ቁጥር ከተበላሸ የሚወጣውም የተበላሸ ነው።

ቀያሹ የሚሰጣችሁ ፋይል ብዙውን ጊዜ አራት ዓምድ አለው፦ የነጥብ ቁጥር፣ ኢስቲንግ (ወደ ምሥራቅ የሚቆጠረው ልኬት)፣ ኖርዚንግ (ወደ ሰሜን የሚቆጠረው)፣ ከፍታ። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ከቀያሽ ቀያሽ ይለያያል። አንዳንዱ ኖርዚንግን ያስቀድማል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ መለያው ቀላል ነው። ሁለቱም ከተሞች ዩቲኤም በሚባለው የካርታ መለኪያ ሥርዓት 37ኛው ዞን ውስጥ ናቸው። ኖርዚንጉ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ስለሆነ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ሳይጨምር 7 አሃዝ አለው። ኢስቲንጉ 6 አሃዝ ነው። ከፍታው 4 አሃዝ ነው። ይህን ካላያችሁና ካገላበጣችሁት መሬቱ በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ ይመጣል፤ ስህተቱ ደግሞ በዓይን ቶሎ አይታይም።

ሁለተኛ፣ ባዶ ረድፍ አጥፉ። «የመብራት ምሰሶ»፣ «የጎረቤት አጥር» ተብለው የተለኩ ነጥቦች ካሉ ከፍታቸው የመሬት መሆኑን ጠይቁ። የግንብ ጫፍ ላይ የተለካ ነጥብ መሬት አይደለም። አንድ እንደዚያ ያለ ነጥብ አጠገቡ ያለውን ኮለን በሙሉ ያሳስታል።

ሦስተኛ፣ የነጥቦቹን ርቀት ተመልከቱ። ተዳፋት ላይ ነጥቦቹ ከ5 ሜትር በላይ ከተራራቁ ግምቱ ይላላል። ቀያሹን ከመሄዱ በፊት ጠጋ ጠጋ አድርጎ እንዲለካ መንገር ከሁሉም ይረክሳል።

ደረጃ 2፦ ዳይናሞን መክፈትና ፋይሉን ማስገባት

መጀመሪያ የሬቪት ፋይሉን ኮፒ አድርጉ። በኮፒው ላይ ሞክሩ። ዋናውን ፋይል የምትነኩት ግራፉ ሁለት ሦስት ጊዜ በትክክል ከሠራ በኋላ ነው።

ሬቪት ላይ «ማኔጅ» የሚለውን ገጽ ክፈቱ፤ «ቪዡዋል ፕሮግራሚንግ» በሚለው ክፍል ውስጥ «ዳይናሞ» አለ። አዲስ ግራፍ ክፈቱ። ወዲያው ወደ ታች ግራ ጥግ ሂዱና «አውቶማቲክ» የሚለውን ወደ «ማንዋል» ቀይሩት። አውቶማቲክ ከሆነ አንድ ሽቦ ባገናኛችሁ ቁጥር ይሠራል። ትልቅ ፋይል ላይ ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፈዋል፤ ሳይታሰብም ሞዴሉን ይቀይራል።

አሁን ኖዶቹ። ባዶው ሰሌዳ ላይ በቀኝ ቁልፍ ጠቅ ስታደርጉ መፈለጊያ ይመጣል። እነዚህን አምጡ፦ «ፋይል ፓዝ»፣ «ፋይል ፍሮም ፓዝ»፣ «ዳታ ኢምፖርት ኤክሴል»። የመጀመሪያው ፋይሉን ያስመርጣል፣ ሁለተኛው ይከፍታል፣ ሦስተኛው ያነባል። የሺቱን ስም በ«ስትሪንግ» ኖድ ስጡት። ይህ ኖድ ኤክሴል ኮምፒውተሩ ላይ እንዲኖር ይፈልጋል። በአዲሶቹ ቅጂዎች «ኦፕን ኤክስ ኤም ኤል» የሚል ስም ያለው ኖድ አለ፤ እሱ ኤክሴል ባይጫንም ይሠራል።

የወጣው የረድፎች ዝርዝር ነው። የመጀመሪያው ረድፍ የዓምድ ስም ስለሆነ በ«ሊስት ሬስት ኦፍ አይተምስ» ጣሉት። ከዚያ «ሊስት ትራንስፖዝ»። ይህ ረድፉን ዓምድ ያደርገዋል። አሁን በ«ሊስት ጌት አይተም አት ኢንዴክስ» እያንዳንዱን ዓምድ ለየብቻ አውጡ። ልብ በሉ፣ ዳይናሞ መቁጠር የሚጀምረው ከ0 ነው። የነጥብ ቁጥሩ 0፣ ኢስቲንጉ 1፣ ኖርዚንጉ 2፣ ከፍታው 3 ይሆናል።

እያንዳንዱ ኖድ ጫፍ ላይ «ዋች» የሚባል ኖድ ለጥፉ። በውስጡ የሚያልፈውን ቁጥር ያሳያችኋል። ጀማሪ ላይ ከማየው ስህተት አብዛኛው ዋች ባለማድረግ የሚመጣ ነው። ሃያ ኖድ አገናኝቶ መጨረሻ ላይ ባዶ ሲመጣ የት እንደተበላሸ አይታወቅም።

ደረጃ 3፦ ነጥቦቹን ወደ ሕንፃው ማምጣት

እዚህ ቀስ እንበል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ሬቪት ከውስጣዊ መነሻ ነጥቡ ርቆ የተቀመጠ ነገር አይወድም። የአምራቹ መመሪያ ሞዴሉ ከዚያ ነጥብ በ16 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንዲሆን ይላል። የእኛ ኖርዚንግ ግን ከምድር ወገብ ጀምሮ የሚቆጠር ስለሆነ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንዳለ ካስገባችሁት መስመሮች ይንቀጠቀጣሉ፣ ልኬት ይዛባል።

መፍትሔው መቀነስ ነው። ከቦታው የካርታ ችካሎች አንዱን ምረጡ። ለምሳሌ በስተግራ ታች ያለውን። የዚያን ችካል ኢስቲንግ ከሁሉም ኢስቲንጎች ቀንሱ፣ ኖርዚንጉንም እንዲሁ። ችካሉ ዜሮ ዜሮ ይሆናል ማለት ነው። ሬቪት ላይም ያው ችካል ውስጣዊው መነሻ ላይ መዋል አለበት። ሞዴሉ ሌላ ቦታ ተጀምሮ ከሆነ፣ ልዩነቱን ለክታችሁ በመቀነሱ ውስጥ አስገቡት።

ከፍታውንም እንዲሁ። የምድር ወለሉ ዜሮ ነጥብ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት እንዲሆን ወስናችኋል? ያንን በ«ነምበር ስላይደር» ኖድ ያዙት፤ ስሙን «የወለል ከፍታ» በሉት። ከቀያሹ ከፍታ ላይ እሱን ቀንሱ። ከወለሉ በታች ያለው መሬት በሙሉ አሉታዊ ቁጥር ይሆናል። ወለሉ 60 ሳንቲ ሲነሳ የምትነኩት ይህን አንድ ስላይደር ነው። ያ ሁለት ቀን የፈጀው ሥራ እዚህች ጋ ነው ያለው።

አሃዱን አትርሱ። የቀያሹ ፋይል በሜትር ነው። የሬቪት ፋይላችሁ በሚሊ ሜትር ከሆነ ሁሉንም በ1000 አባዙ። ከዚህ በታች የምሰጠው ሁሉ ፕሮጀክቱ በሜትር እንደሆነ ቆጥሬ ነው።

አሁን «ፖይንት ባይ ኮኦርዲኔትስ» አምጡና ሦስቱን አስገቡ። ነጥቦቹ ሰሌዳው ላይ ይታያሉ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ መዞሩ። ቀያሹ የሚለካው ሰሜንን ይዞ ነው። እኛ ሕንፃውን የምንስለው ከወረቀቱ ጋር ቀጥ አድርገን ነው። የደሴ መንገድ ደግሞ ሰሜን ደቡብ ብሎ አይሄድም፤ ተራራውን ተከትሎ ይዞራል። ስለዚህ ነጥቦቹን በ«ጂኦሜትሪ ሮቴት» አዙሯቸው። መነሻው ያው ዜሮ የሆነው ችካል ነው። አንግሉን ከካርታው ላይ ውሰዱ። ማረጋገጫው እንዲህ ነው፦ ሁለተኛው ችካል ሬቪት ላይ በተሳለው የቦታ ድንበር ጥግ ላይ በትክክል መዋል አለበት። ካልዋለ ወደፊት አትሂዱ። አንግሉ በተቃራኒ ምልክት ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ ኮለኖቹን መሰብሰብ

«ካቴጎሪስ» የሚለውን ኖድ አምጡና ከዝርዝሩ «ስትራክቸራል ኮለምስ»ን ምረጡ። ወደ «ኦል ኤለመንትስ ኦፍ ካቴጎሪ» አስገቡት። የሕንፃው ኮለኖች በሙሉ ይመጣሉ፤ የ4ኛ ፎቁም ጭምር። እኛ የምንፈልገው መነሻቸው የምድር ወለል የሆኑትን ብቻ ነው።

በ«ጌት ፓራሜተር ቫልዩ ባይ ኔም» የእያንዳንዱን ኮለን መነሻ ደረጃ አንብቡ፤ ስሙ ሬቪት ላይ «ቤዝ ሌቭል» ነው። «ሌቭልስ» ከሚለው ኖድ ከመረጣችሁት ወለል ጋር በ«እኩል ነው» ኖድ አወዳድሩ። ውጤቱን ወደ «ሊስት ፊልተር ባይ ቡል ማስክ» ስደዱት። «ኢን» ከሚለው ወደብ (የኖዱ መውጫ) የሚወጡት የእናንተ ኮለኖች ናቸው። ቁጥራቸውን ከፕላኑ ጋር አመሳክሩ። 28 መሆን ሲገባው 27 ከመጣ፣ አንዱ ኮለን በስህተት ሌላ ደረጃ ላይ ተሰክቷል። ይህን ማወቅ ብቻውን ትርፍ ነው።

ቦታቸውን በ«ኤለመንት ጌት ሎኬሽን» አውጡ።

ደረጃ 5፦ የመሬቱን ከፍታ መገመት

ቀያሹ ኮለኑ የሚቆምበት ቦታ ላይ በትክክል አልለካም። ስለዚህ በዙሪያው ካሉት ነጥቦች እንገምታለን። የቀረበው ነጥብ የበለጠ ይደመጣል፣ የራቀው ያነሰ።

መጀመሪያ ርቀት። የኮለኖቹንም የቀያሹንም ነጥቦች ከፍታ ዜሮ አድርጋችሁ ሁለት አዲስ የነጥብ ስብስብ ሥሩ። አግድም ርቀት ነው የምንፈልገው። ከዚያ «ጂኦሜትሪ ዲስታንስ ቱ» አምጡ። ኮለኖቹን ላይኛው ወደብ፣ የቀያሹን ነጥቦች ታችኛው ወደብ ላይ አስገቡ። እንዲሁ ካሠራችሁት የመጀመሪያውን ኮለን ከመጀመሪያው ነጥብ፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው ጋር ብቻ ያጣምራል። ይህ አይጠቅመንም። ኖዱ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጉና «ሌሲንግ» ከሚለው ውስጥ «ክሮስ ፕሮዳክት»ን ምረጡ። አሁን እያንዳንዱ ኮለን ከሁሉም ነጥብ ጋር ይለካል። 28 ዝርዝር ይወጣል፣ በየዝርዝሩ ውስጥ የሁሉም ነጥብ ርቀት አለ።

ዳይናሞን ለመቻል ሌሲንግን መረዳት ግማሹ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ሠርግ ላይ እንግዶች ሲጨባበጡ አስቡ። ሁለት ሰልፍ ፊት ለፊት ቆሞ እያንዳንዱ ከፊቱ ካለው ጋር ብቻ ከተጨባበጠ፣ ያ ተራው ነው። ሁሉም ከሁሉም ጋር ከተጨባበጠ፣ ያ ክሮስ ፕሮዳክት ነው።

ቀጥሎ መደርደር። የነጥቦቹን ከፍታ ዝርዝር በ«ሊስት ኦፍ ሪፒትድ አይተም» በኮለኖቹ ቁጥር ልክ አባዙት፤ ለእያንዳንዱ ኮለን አንድ ቅጂ እንዲኖረው። ከዚያ «ሊስት ሶርት ባይ ኪ»። ዝርዝሩ ከፍታው ነው፣ ቁልፉ ርቀቱ ነው። ሁለቱም ወደቦች ላይ ያለችውን ትንሽ ቀስት ጠቅ አድርጉና «ዩዝ ሌቭልስ» የሚለውን አብሩ፤ ደረጃውን 2 አድርጉት። ይህ «በየንዑስ ዝርዝሩ ለየብቻ ሥራ» ማለት ነው። ሁለት ውጤት ይወጣል፦ ከቅርብ ወደ ሩቅ የተደረደረ ከፍታ፣ እና የተደረደረ ርቀት። ከሁለቱም በ«ሊስት ቴክ አይተምስ» የመጀመሪያዎቹን 3 ውሰዱ። እዚህም ደረጃ 2።

አሁን ሒሳቡ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ከፍታውን በርቀቱ አካፍሉና ደምሩ። ለብቻው ደግሞ 1ን በየርቀቱ አካፍላችሁ ደምሩ። የመጀመሪያውን ድምር በሁለተኛው አካፍሉ። መደመሪያው «ማዝ ሰም» ነው፣ አሁንም ደረጃ 2። ከማካፈላችሁ በፊት ርቀቱ ላይ 0.01 ጨምሩ። ኮለኑ በትክክል የቀያሹ ነጥብ ላይ ካረፈ ርቀቱ ዜሮ ይሆናል፤ በዜሮ ማካፈል ደግሞ ግራፉን ያበላሸዋል።

በእጅ እንየው። አንድ ኮለን በ1፣ በ2 እና በ4 ሜትር ርቀት ላይ ሦስት ነጥቦች አሉት። ከፍታቸው ከወለሉ በታች 1.20፣ 1.50 እና 2.10 ሜትር ነው። ሲካፈሉ 1.20፣ 0.75 እና 0.525 ይሰጣሉ፤ ድምራቸው 2.475 ነው። ታችኛው ድምር 1 ሲደመር 0.5 ሲደመር 0.25፣ ማለትም 1.75 ነው። ሲካፈል 1.41። መሬቱ ከወለሉ 1.41 ሜትር ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ሁልጊዜ ሁለት ኮለን እንዲህ በወረቀት ሠርታችሁ ከግራፉ ጋር አመሳክሩ።

ይህ ዘዴ የማይሠራበት ቦታም አለ። ቦታው እርከን ከሆነ፣ ወይም መሐሉ ላይ የቆየ የድንጋይ ግንብ ካለ፣ ከግንቡ በላይና በታች ያሉ ነጥቦች ተቀላቅለው የሌለ መሬት ይፈጥራሉ። ያኔ የኤክሴሉን ነጥቦች ከግንቡ በላይና በታች ብላችሁ ሁለት ሺት አድርጓቸው፤ ኮለኖቹንም እንዲሁ ከፍላችሁ ግራፉን ሁለት ጊዜ አሠሩት። ደሴ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

ደረጃ 6፦ ኮለኑ ላይ መጻፍና መቀባት

ነጻ ቁመቱ የወለሉ ከፍታ (ደረጃ 3 ላይ ስለቀነስነው አሁን ዜሮ ነው) ሲቀነስ መሬቱ፣ ሲቀነስ የቢሙ (ወለሉን የሚሸከመው አግድም) ጥልቀት ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ቢሙ 0.40 ከሆነ ነጻ ቁመቱ 1.01 ሜትር ነው።

ሬቪት ላይ «ማኔጅ» ውስጥ በ«ፕሮጀክት ፓራሜተርስ» አዲስ ፓራሜተር (የመረጃ መሙያ ቦታ) ፍጠሩ። ዓይነቱ «ሌንግዝ»፣ ለ«ስትራክቸራል ኮለምስ»፣ «ኢንስታንስ» ይሁን። ስሙን በአማርኛ ልትሰጡት ትችላላችሁ፤ እኔ «ነጻ ቁመት» ነው የምለው። ግን ጠንቀቅ በሉ። ዳይናሞ ፓራሜተሩን የሚያገኘው በፊደል ለፊደል ነው። «ጸ»ን አንዴ «ፀ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ለእኛ አንድ ነው፣ ለእሱ ግን ሌላ ቃል ነው፤ ፓራሜተሩን አላገኘሁም ይላችኋል። ስሙን ከሬቪት ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉት። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ኤክሴልም አይሠራም።

ከዚያ «ሴት ፓራሜተር ባይ ኔም» አምጡ፤ ኮለኖቹን፣ ስሙንና ቁመቱን ስጡት።

አሁን ቀለም። ይህን ለማሳመር ብዬ አይደለም የጨመርኩት። ተዳፋት ላይ አጫጭሮቹ ኮለኖች አደገኛ ናቸው። አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው ሁለት ኮለኖች፣ አንዱ 3 ሜትር ሌላው 1.5 ሜትር ቢሆኑ፣ አጭሩ ለጎን ግፊት 8 እጥፍ ግትር ነው። ግትርነቱ በቁመቱ ኩብ ስለሚቀንስ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ወለሉ ሁሉንም ኮለኖች እኩል ይገፋቸዋል፤ ግትሩ አጭር ኮለን ግን ከድርሻው በላይ ኃይል ይሸከማል። ረጅሞቹ ሲተጣጠፉ እሱ ይሰነጠቃል። እኛ ያለነው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች። ስለዚህ አጭር ኮለን የት እንዳለ ማወቅ ለስትራክቸራል መሐንዲሱ ትልቅ ነገር ነው። ስታፋውን (ኮለኑን ዙሪያውን የሚያስረውን ፌሮ) ያጠጋጋል፣ ወይም ኮለኑን ነጻ አድርጎ ወደ ታች ያወርደዋል፣ ወይም ሌላ መላ ይመታል።

ከስንት ሜትር በታች «አጭር» እንደሚባል መሐንዲሱን ጠይቁና በ«ነምበር» ኖድ ያዙት። ኮለኖቹን በ«ፊልተር ባይ ቡል ማስክ» ለሦስት ክፈሉ። አጭሩ ቀይ። ደህናው አረንጓዴ። ነጻ ቁመቱ አሉታዊ የሆነው፣ ማለትም መሬቱ ከቢሙ በላይ የሆነበት፣ ሰማያዊ፤ እዚያ አፈር የሚይዝ ግንብ ያስፈልጋል። ቀለሙን በ«ከለር ባይ ኤአርጂቢ» ፍጠሩ፣ በ«ኤለመንት ኦቨርራይድ ከለር ኢን ቪው» ቀቡ። የሚቀባው በዚያ ቅጽበት የተከፈተውን ገጽ ብቻ ነው። ለዚሁ ብላችሁ አንድ ባለ ሦስት አውታር ገጽ አዘጋጁለት።

«ሩን» በሉት። ተዳፋቱ በቀለም ይነበባል። ለደንበኛው በዚያ ሥዕል ማስረዳት በጣም ይቀላል። መሠረቱ ለምን ውድ እንደሆነ ራሱ ያየዋል።

ቢጫ የሆነ ኖድ ካያችሁ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ብዙውን ጊዜ ቁጥር መሆን ሲገባው ጽሑፍ ገብቷል፣ ወይም ኤክሴሉ ውስጥ ባዶ ሴል ቀርቷል።

ደረጃ 7፦ ለሌላው እንዲጠቅም ማድረግ

ለመሐንዲሱ በ«ዳታ ኤክስፖርት ቱ ኤክሴል» ዝርዝር አውጡለት፦ የኮለኑ የግሪድ (ኮለኖቹ የሚቆሙበት የመስመር መረብ) መጠሪያ፣ የመሬት ከፍታ፣ ነጻ ቁመት።

ኖዶቹን በቡድን እሰሩ። መርጣችሁ ኮንትሮልና ጂን ተጫኑ፣ ርዕሱን ከወረቀታችሁ ላይ ካለው መስመር ውሰዱ። ከስድስት ወር በኋላ ራሳችሁም ትመሰግናላችሁ። «ፋይል ፓዝ»፣ «የወለል ከፍታ» እና የአጭር ኮለን ገደቡ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ኢዝ ኢንፑት» በሉ። ከዚያ በኋላ ቢሮ ውስጥ ዳይናሞን የማያውቅ ሰው በ«ዳይናሞ ፕሌየር» ሦስቱን ብቻ ሞልቶ ያሠራዋል።

መብራት በማንኛውም ሰዓት ሊጠፋ ስለሚችል ግራፉን በየደረጃው አስቀምጡ። ዳይናሞ የራሱ መጠባበቂያ ቅጂ አለው፤ እኔ ግን በእሱ አልተማመንም።

ይህን አንዴ ከቻላችሁ ሌላው ቀላል ነው። ክፍሎችን በቅደም ተከተል ቁጥር መስጠት፣ የወለል ስፋት ዝርዝር ማውጣት፣ የሺቶችን ስም ከኤክሴል መሙላት፣ ሁሉም «አንብብ፣ አጣራ፣ ጻፍ» ነው። የአንድ ቡና ጊዜ ነው፤ አቦል ላይ ጀምራችሁ በረካ ላይ ትጨርሳላችሁ። ወር ላይ አንዴ ለሚመጣ ሥራ ግን ግራፍ አትሥሩ። በእጅ ይሻላል።

የመጨረሻው ሥራ ሳይት ላይ ነው። ቦታው ተጠርጎ የግሪዱ ችካል ሲተከል፣ ቀያሹን ቀይ ከሆኑት ኮለኖች ሦስት አራቱን እዚያው እንዲለካላችሁ ጠይቁት። የመጣውን ቁጥር በዚያው ኤክሴል መጨረሻ ረድፍ ላይ ጨምሩና እንደገና «ሩን» በሉት። አዲሱ ነጥብ ኮለኑ ላይ ስለሚያርፍ ግምቱ ወዲያው ወደ እውነተኛው ልክ ይጠጋል። ፌሮ ቆራጩ የሚይዘው ወረቀት ከዚያ በኋላ የታተመው ይሁን። የድሮውን ቀዳችሁ ጣሉት።